ከጥቅም ውጭ የተባለ መኪና ወደ መንገድ ሲመለስ

ቀድሞ አባቶቻችን በቅሎ ሊገዙ ገበያ ሲወጡ ከሁሉ አስቀድመው ኮርቻውን ያስወርዱ ነበር። ግላሱ በሐር ቢጠለፍ፣ ልጓሙ በብር ቢለበጥ አይታለሉም፤ ከበታቹ ገጣባ እንዳለ ጀርባዋን በእጃቸው ይዳስሳሉ፤ ጥርሷን ገልጠው ዕድሜዋን ይቈጥራሉ፤ ጥቂት አስኪደው ማነከስ አለማነከሷን ይመለከታሉ። ዛሬ በበቅሎ ፈንታ አውቶሞቢል የቤተ ሰብ መጓጓዣ ሆኗል፤ ነገር ግን ኮርቻውን የማስወረድ ልማድ ከበቅሎዋ ጋራ የቀረ ይመስላል። ብዙ ሰው ቀለሙን አይቶ መኪና ይገዛል፤ ቀለም ደግሞ ከኮርቻ ይልቅ ብዙ ነገር ይሸፍናል።

በዚህ ጽሑፍ የምንናገረው በግጭት ወይም በመገልበጥ ስለ ተጎዳ፣ የመድን ድርጅትም «ከጥቅም ውጭ ነው» ብሎ ለባለ ንብረቱ ካሳውን ከፍሎ ስብርባሪውን በጨረታ ስለ ሸጠው መኪና ነው። እንዲህ ያለው መኪና እንዴት ይገዛል? እንዴትስ ይጠገናል? በምን ምርመራ አልፎ ወደ መንገድ ይመለሳል? እኛ ሥራችን በፍርድ ቤት መዝገብ መክፈትና መዝጋት ስለ ሆነ የብረት ጥበብ ልናስተምር አንደፍርም። ነገር ግን የመኪና ሽያጭ ክርክር ከፊታችን ሲያልፍ ዘወትር የምናስተውለው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የጠቡ መነሻ አብዛኛውን ጊዜ ብረቱ መሰበሩ ሳይሆን ስብራቱና ጥገናው አለመጻፉ ነው።

ነገሩን በገላን ምሳሌ ብንናገረው ይገለጣል። ገላን ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከአቃቂ ቀጥሎ፣ ወደ ቢሾፍቱና ወደ አዳማ በሚወስደው በቀድሞው ዋና መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በ2015 ዓ.ም. ከሰበታ፣ ከቡራዩ፣ ከሱሉልታና ከለገጣፎ ለገዳዲ ጋራ ተጠቃልላ የሸገር ከተማ አካል ሆናለች። ፋብሪካና መጋዘን የበዛባት ስትሆን፣ ከጅቡቲ ወደብ ዕቃ የሚያመጡት ከባድ መኪናዎች በደጇ ያልፋሉ። በ2007 ዓ.ም. የተከፈተው፣ ርዝመቱ 85 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው የአዲስ አበባና የአዳማ የፍጥነት መንገድም መነሻው ከእርሷ አቅራቢያ ከቱሉ ዲምቱ ነው። ስለዚህ የገላን ቤተ ሰብ መኪና ሲገዛ፣ ልጆቹን የሚያሳፍረው ከሰፈር ሰፈር ለመመላለስ ብቻ አይደለም፤ አንድ ቀን ከጭነት መኪና አጠገብ ለአጠገብ፣ ሌላ ቀን በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር በሚነዳበት ጐዳና ያሳፍራቸዋል። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር መኪናው የተሸከመው የግጭት ኀይል አራት እጥፍ ይሆናልና፣ በሰፈር መንገድ የማይታወቅ የብየዳ ጉድለት በፍጥነት መንገድ ላይ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

እንግዲህ ለምሳሌ ያህል አንድ ቤተ ሰብ እናስብ። ባልየው በገላን ፋብሪካ ተቀጥሮ ይሠራል፤ ሚስቱ በገበያ ጨርቅ ትነግዳለች፤ ሦስት ልጆች አሏቸው። የዕቁብ ገንዘብ ደርሷቸው መኪና ሲያፈላልጉ፣ ፊቷ የተጨራመተ፣ ኮፈኗ የታጠፈ አንዲት ትንሽ ቶዮታ ቪትዝ በጨረታ መቅረቧን በጋዜጣ ያነባሉ። ባል «በግማሽ ዋጋ መኪና አገኘን» ብሎ ይደሰታል። ሚስት ግን «የልጆቼ አባት፣ መድኑ ከጥቅም ውጭ ነው ብሎ የጣለውን እኛ ምን ልናደርገው ነው?» ብላ ትጠይቃለች። ሁለቱም በከፊል እውነት ይናገራሉ። ሙሉውን ለማወቅ «ከጥቅም ውጭ» የሚለው ፍርድ በምን እንደሚፈረድ መረዳት ያስፈልጋል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕጋችን፣ በአንቀጽ 678፣ የንብረት መድን የካሳ ውል መሆኑንና ካሳውም ንብረቱ አደጋው በደረሰበት ቀን ከነበረው ዋጋ ሊበልጥ እንደማይችል ይደነግጋል። በ2013 ዓ.ም. አዲሱ የንግድ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 1243 ሲወጣ የመድኑን ክፍል ሳይነካው ስላለፈ፣ ይህ ቃል እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ስለዚህ መድን ሰጪው ሁለት ሒሳብ ያስተያያል። ለምሳሌ የመኪናዋ ዋጋ 1,000,000 ብር ነበረ እንበል፤ በአዲስ ዕቃ ለማስጠገን 700,000 ብር ይጠይቃል፤ ስብርባሪዋ ደግሞ 400,000 ብር ያወጣል። ድርጅቱ ቢያስጠግን 700,000 ብር ያወጣል፤ ሙሉውን ዋጋ ከፍሎ ስብርባሪዋን ቢሸጥ ግን ከኪሱ የሚወጣው 600,000 ብር ብቻ ነው። ስለዚህ «ከጥቅም ውጭ» ይላታል። እንግዲህ ይህ ፍርድ የሒሳብ ፍርድ እንጂ የብረት ፍርድ አይደለም። በቀላሉ የምትድን መኪናም ልትሆን ትችላለች፤ ከቶ ወደ መንገድ ልትመለስ የማይገባትም ልትሆን ትችላለች፤ ቃሉ ብቻውን አይለይም።

አሁን ወደ ቤተ ሰባችን ሒሳብ እንመለስ። ስብርባሪዋን በ400,000 ብር ቢገዙ፣ በጨረታው ማስታወቂያ ላይ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ከተጠየቀ 60,000 ብር ይጨምራሉ። በሰፈር ጋራዥ በ350,000 ብር ቢያስጠግኗት ጠቅላላው 810,000 ብር ይሆናል፤ የማስጐተቻውና የስም ማዛወሪያው ገና አልተቈጠረም። ስለዚህ ግማሽ ዋጋ የመሰላቸው ነገር ወደ ሙሉው ዋጋ ተጠግቷል። ከዚህ የሚበልጠው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። መድኑ 700,000 የገመተውን ሥራ ጋራዡ እንዴት በ350,000 ጨረሰው? ልዩነቱ የመጣው ከእጅ ሥራ ርካሽነትና ደኅና ከሆነ አሮጌ ዕቃ ከሆነ ትርፍ ነው። ካልተሠራ ሥራ የመጣ ከሆነ ግን ዕዳ ነው፤ ዕዳውንም ከኋላ መቀመጫ ላይ የተቀመጡት ልጆች ይከፍሉታል።

በአገራችን የተሰበረ መኪና እንዲህ የሚፈለግበት ምክንያት ግልጽ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪናዎችን ማስመጣት እጅግ ውድ አደረገው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን መንግሥት አስታወቀ። በሀብታም አገር ለብረት መቅለጫ የሚላከው ዐይነት በእኛ ዘንድ እንደ ገና ተነሥቶ ይሄዳል። ይህን እኛ አንነቅፍም፤ የተሰበረውን ጠግኖ መጠቀም የቆየ የቤት ጥበብ ነው። የምንለው፣ የተጠገነው ነገር ምን እንደ ነበረና ምን እንደ ተደረገለት ይጻፍ ነው።

በሌሎች አገሮች ይህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ታስቦበታል። በእንግሊዝ አገር መድን ሰጪዎች ከጥቅም ውጭ የተባሉትን መኪናዎች በአራት ክፍል ይለያሉ። የመጀመሪያው ክፍል ምንም ሳይቀር ይጨፈለቃል፤ የሁለተኛው አካሉ ይጨፈለቃል፣ አንዳንድ ዕቃው ግን ለሌላ መኪና ሊሆን ይችላል፤ ሦስተኛው የአካሉ አጥንት የተጎዳ፣ ግን ሊጠገን የሚችል ነው፤ አራተኛው አጥንቱ ያልተነካ ነው። እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ድረስ ሦስተኛውና አራተኛው ክፍል የሚለዩት በጥገናው ወጪ ነበር፤ በዚያ ዓመት በጥቅምት ወር ግን መለኪያው ከገንዘብ ወደ አጥንት ተለወጠ። ለገዢው የሚጠቅመው የወጪው ብዛት ሳይሆን የጉዳቱ ቦታ መሆኑ ስለ ታወቀ ነው። በአሜሪካም ከጥቅም ውጭ የተባለ መኪና በባለቤትነት ደብተሩ ላይ ምልክት ይደረግበታል። ነገር ግን በ2005 እ.ኤ.አ. ካትሪና የተባለው ማዕበል ብዙ መኪናዎችን በጐርፍ ካሰጠመ በኋላ፣ አንዳንድ ነጋዴዎች መኪናዎቹን ወደ ሌላ ክፍለ ግዛት እየወሰዱ ንጹሕ ደብተር ያወጡላቸው ነበር። ከዚህ የምንማረው፣ ጽሑፍ የሌለበት ጥገና ከአገር አገር የማታለያ በር መሆኑን ነው። የእኛው ሊብሬ የባለቤቱን ስም፣ የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ይነግረናል፤ መኪናው እንዴት እንደ ተጠገነ ግን አይተርክልንም። ስለዚህ ተራኪው ባለ መኪናው ራሱ ሊሆን ይገባል።

ወደ ሥራው ስንገባ፣ አንደኛው ነገር ግዢው ነው። የጨረታ ማስታወቂያ ዘወትር «ባለበት ሁኔታ» የሚል ቃል አለበት። ይህች አጭር ቃል ብዙ ትሸከማለች፤ ገዢው አይቶና ገምቶ ይግዛ፣ በኋላ ስለ ጉዳቱ አይጠይቀን ማለት ናት። ስለዚህ ዋጋ ከመጻፍ በፊት ከሚታመን መካኒክ ጋራ በቀን ብርሃን ሄዶ መኪናውን ከላይም ከታችም ማየት ይገባል። በብረቱ ላይ የተቀረጸው የሻንሲ ቁጥር በሊብሬው ላይ ከተጻፈው ጋራ ፊደል በፊደል ይመሳከር፤ ቁጥሩ የተፋቀ፣ እንደ ገና የተበየደ ወይም በአዲስ ቀለም የተደመሰሰ ቢሆን ወደ ቤት መመለስ ይሻላል። የተሰበረ መኪና ወረቀት ለተሰረቀ መኪና መሸፈኛ የሚሆንበት ጊዜ አለና። መኪናው ከቀረጥ ነጻ ገብቶ እንደ ሆነም ይጠየቅ፤ እንዲህ ከሆነ ያልተከፈለው ቀረጥ በገዢው ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ ይህም አንዳንድ ጊዜ ከመኪናው ዋጋ ይበልጣል። የጨረታ ማስከበሪያው ስንት እንደ ሆነ፣ ያሸነፈ ሰው በስንት ቀን ከፍሎ ማንሣት እንዳለበት፣ ቢዘገይ ያስያዘው ገንዘብ ይቀር እንደ ሆነ ከማስታወቂያው አጥብቆ ማንበብ ነው። ስብርባሪው ሳይነሣ በፊት ግን ከፊት፣ ከኋላ፣ ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከውስጥና ከሥር ፎቶግራፍ ይነሣ። ይህ ፎቶግራፍ የመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ነው።

ሁለተኛው ነገር ጥገናው ነው። የጋራዥ ቋንቋችን አብዛኛው ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ ፍሬን፣ ኮፈን፣ ፓራውርቲ፣ ፓራፋንጎ፣ ፍሬቻ፣ ባሌስትራ ብለን ስንጠራ የዚያን ቋንቋ ቃል መጥራታችን ነው። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ ተፈትተው የሚለወጡ ዕቃዎች ናቸው፤ ከተለወጡ ጉዳዩ አለቀ። ዋናው ከእነርሱ በስተ ጀርባ ያለው ነው። ከባድ መኪና የተለየ ሻንሲ አለው፤ ትንሽ አውቶሞቢል ግን አካሉ ራሱ ሻንሲው ነው። ቤላ ባሬኒ የተባለው የመርሴዲስ መሐንዲስ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ባወጣው ሐሳብ፣ በ1959 እ.ኤ.አ. በተሠራውም መኪና በተግባር እንደ ታየው፣ የመኪና ፊትና ኋላ በግጭት ጊዜ እየታጠፈ ኀይሉን እንዲውጠው፣ ሰው የሚቀመጥበት ክፍል ግን ጸንቶ እንዲቈይ ተደርጎ ይሠራል። እንግዲህ የፊቱ ብረት አንድ ጊዜ ታጥፎ ሥራውን ፈጽሟል። እርሱን በመዶሻ አቃንቶ፣ ወፍራም ላሜራ ደርቦ ቢበይዱት ከልክ በላይ ጠንካራ ይሆንና ግጭቱን ወደ ተሳፋሪው ያሳልፋል፤ በእሳት አግለው ቢያቀኑት ደግሞ ጠንካራው ብረት ኀይሉን ያጣል። ሁለቱም ከውጭ ሲታዩ ያማሩ ናቸው።

ስለዚህ ከጋራዡ ባለቤት ጋራ የሚደረገው ስምምነት በቃል አይቅር። የትኛው ዕቃ በአዲስ፣ የትኛው በአሮጌ እንደሚለወጥ፣ የትኛው ብረት ተቈርጦ እንደሚተካ፣ የትኛው እንደሚቃና በዝርዝር ይጻፍ። የአካሉ ቅን መሆን በመለኪያ ይረጋገጥ፤ ከፊት ግራ እስከ ኋላ ቀኝ ያለው ርቀትና ከፊት ቀኝ እስከ ኋላ ግራ ያለው ርቀት እኩል ካልሆኑ መኪናው ተጣሟል። ስቱኮና ቀለም ከመቀባቱ በፊት፣ ብየዳው ገና ራቁቱን ሳለ፣ ሁለተኛ ፎቶግራፍ ይነሣ። ከቀለም በኋላ ሠሪውም ባለ ቤቱም ሊያዩት አይችሉምና። የተለወጠው ዕቃ ደረሰኝ፣ የሠሪው ፊርማና ቀን በአንድ ማኅደር ይቀመጥ።

የደኅንነት ቀበቶና ኤርባግ ከሁሉ የሚበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ኤርባግ አንድ ጊዜ ከፈነዳ አይመለስም፤ ከነመቆጣጠሪያው በአዲስ መተካት አለበት። በ1959 እ.ኤ.አ. ኒልስ ቦሊን የተባለው የቮልቮ መሐንዲስ ያዘጋጀው ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶም በከባድ ግጭት አንድ ጊዜ ሰው ከያዘ ክሩ ተስቧልና መለወጥ ይገባዋል። አንዳንድ ሠሪ ግን የፈነዳውን ኤርባግ አውጥቶ ባዶውን በክዳን ይሸፍነዋል፤ የማስጠንቀቂያውን መብራትም ይነቅለዋል። ይህን የቤት እመቤት እንኳ በአንድ ደቂቃ ልትመረምረው ትችላለች። ቁልፉ ሲዞር የኤርባግ ምልክት በነጂው ፊት በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ሊጠፋ ይገባል። በርቶ ካልጠፋ ጉድለት አለ፤ ከቶ ካልበራ ግን ይበልጥ ያስጠረጥራል። እንዲሁም ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልሎ በበሩና በፓራፋንጎው ላይ ማስኬድ ነው፤ ብረት ሊሆን በሚገባው ቦታ ማግኔቱ ካልያዘ ከሥሩ ያለው ወፍራም ስቱኮ ነው። የበሮቹና የኮፈኑ ክፍተት ከላይ እስከ ታች እኩል ይሁን፤ ቀለም በጎማ መዝጊያዎች ላይ ተረጭቶ አይገኝ፤ ቀበቶው እስከ መጨረሻው ተስቦ ይታይ፤ በቀጥታ መንገድ ላይ መሪው ለአፍታ ሲለቀቅ መኪናው ወደ አንድ ወገን አይሳብ። የፊት ጎማዎች በአንድ ጐን ብቻ ከተበሉ አካሉ ወይም እግሩ እንደ ተጣመመ ይመሰክራሉ። የተሰበረው መኪና በኤሌክትሪክ የሚሠራ እንደ ሆነ ደግሞ፣ ባትሪው ከወለሉ ሥር ስለሚገኝ፣ በሙያው የሠለጠነ ሰው ሳይመረምረው ማንም እንዳይነካው እንመክራለን፤ የተጎዳ ባትሪ ከቀናት በኋላ እንኳ እሳት ሊያነሣ ይችላል።

ሦስተኛው ነገር የመንግሥት ምርመራው ነው። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪ ሁሉ ሊመዘገብና በየጊዜው ሊመረመር ይገባዋል። ሞተሩ ወይም አካሉ ተለውጦ፣ ቀለሙም ከቀድሞው ተለይቶ እንደ ሆነ ይህ ለመዝገቡ መሥሪያ ቤት ተነግሮ በሊብሬው ላይ ይስተካከል፤ አለዚያ የወረቀቱ መኪናና የመንገዱ መኪና ሁለት ይሆናሉ። መኪናው በአዲስ አበባ ተመዝግቦ የነበረ፣ ገዢው ግን የገላን ነዋሪ በመሆኑ ፋይሉ ወደ ኦሮሚያ የሚዛወር ከሆነ ለዚህም ጊዜና ወጪ ማሰብ ነው። በምርመራው ፍሬኑ፣ መሪው፣ መብራቱ፣ ፍሬቻው፣ ጎማው፣ ጡሩምባው፣ የዝናብ መጥረጊያው ይታያሉ፤ የሻንሲው ቁጥር ይመሳከራል። ያለፈ መኪና ቦሎ ይለጠፍለታል።

ስለ ቦሎው ግን አንድ ነገር ማስተዋል ይገባናል። ዳኛ የሚፈርደው በቀረበለት ማስረጃ ነው፤ ያልቀረበለትን አያይም። መርማሪውም እንዲሁ ነው፤ በዚያ ቀን በፊቱ የቆመውን መኪና ያያል እንጂ ምንጣፉን ገልጦ፣ ቀለሙን ፍቆ ብየዳውን አያይም። ስለዚህ «ምርመራ አልፏል» ማለት ፍሬኑ ይይዛል፣ መብራቱ ይበራል ማለት ነው፤ የተበየደው አጥንት በግጭት ጊዜ ይጸናል ማለት አይደለም። «ከጥቅም ውጭ» የሚለው ቃል የሒሳብ ፍርድ እንደ ሆነ ሁሉ፣ ቦሎም የአንድ ቀን ፍርድ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ሊነግረን የሚችለው የጥገናው ማኅደር ብቻ ነው።

አራተኛው ነገር መድንና ሕግ ነው። በአገራችን የመድን ሥራ የተጀመረው በ1898 ዓ.ም. የተከፈተው የአቢሲኒያ ባንክ ለውጭ አገር መድን ሰጪዎች ወኪል በሆነ ጊዜ ነው። በ1967 ዓ.ም. 13 ኩባንያዎች ተወርሰው በ1968 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተቋቋመ፤ ከ1986 ዓ.ም. ወዲህም የግል ኩባንያዎች ተፈቅደዋል። ዛሬ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት የሦስተኛ ወገን መድን የሌለው መኪና በመንገድ ሊነዳ አይፈቀድም። ይህ መድን በሌላው ሰው ላይ ለሚደርሰው ጉዳት እንጂ ለራስ መኪና ጥገና አይከፍልም። የተጠገነውን መኪና በሙሉ መድን ሊያስገባ የሚወድ ሰው ታሪኩን ሳይደብቅ ይንገር። የንግድ ሕጉ አንቀጽ 667 እና 668 የመድን ገቢውን እውነቱን የመግለጥ ግዴታ ይናገራሉና፤ ዐውቆ የደበቀ ሰው ውሉ ፈራሽ ይሆንበታል። ዓመት ሙሉ ዐረቦን ከፍሎ በአደጋው ቀን ባዶ እጅ መቅረት ከዚህ ይመጣል።

በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2081 ደግሞ የመኪና ባለቤት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ኀላፊ ነው፤ ያልተፈቀደለት ሰው እንኳ ቢነዳው ባለቤቱ ይጠየቃል። «ሠሪው ነው ያበላሸው» ማለት ለተጎዳው ሰው መልስ አይሆንም፤ ባለቤቱ ከፍሎ በኋላ ሠሪውን ሊከስ ይችል ይሆናል፤ ለዚያ ክስ ግን የተጻፈ ስምምነትና ደረሰኝ ያስፈልገዋል። ሲሸጥም እንዲሁ ነው። በአንቀጽ 2287 ሻጭ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋራ የተስማማና ከጉድለት የጸዳ ለመሆኑ ዋስ ነው። ገዢም ዕቃውን በተቻለው ፍጥነት መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ለሻጩ ሊያስታውቅ ይገባዋል። ዝም ብሎ ወራት ካሳለፈ መብቱን በገዛ እጁ ያደክማል።

ከክርክሩ የሚሻለው ግን ክርክር እንዳይነሣ ማድረግ ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው። ያ የገላን ቤተ ሰብ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መኪናዋን ሊሸጣት ቢወድና ሊገዛ የመጣው ጐረቤት «ኦቦ፣ መኪናዋ ተጋጭታ ታውቃለች?» ብሎ ቢጠይቅ ሁለት መልስ አለ። አንደኛው «ኧረ ከቶ! ንጽሕት ናት» ማለት ነው፤ ይህ መልስ ዋጋውን ጥቂት ከፍ ያደርጋል፤ የሰውየውን ልጆች ግን በማያውቁት አደጋ ላይ ያስቀምጣል፤ ሻጩንም ከዓመት በኋላ በፍርድ ቤት ደጅ ያቆመዋል። ሁለተኛው «አዎን፣ ፊቷ ተሰብሮ ነበር፤ እነሆ የተሰበረችበት ፎቶግራፍ፤ እነሆ የተበየደበት፤ እነሆ የአዲሱ ቀበቶና የኤርባጉ ደረሰኝ፤ እነሆ የሠራው ሰው ፊርማ» ማለት ነው። ይህ መልስ ዋጋውን ጥቂት ዝቅ ያደርገው ይሆናል። ገዢው ግን የሚገዛውን ዐውቆ ይገዛል፤ ሻጩም ሌሊት ተኝቶ ያድራል።

ስለዚህ የቤተ ሰብ ራሶች ሆይ፣ የተሰበረ መኪና ለመግዛት ካሰባችሁ ከመኪናዋ በፊት አንድ ባዶ ማኅደር ግዙ፤ ዋጋው ከጥቂት ብር አይበልጥም። የስብርባሪዋን ፎቶግራፍ፣ የጨረታውን ሰነድ፣ የጥገናውን ዝርዝር፣ ከቀለም በፊት የተነሣውን ፎቶግራፍ፣ ደረሰኞቹን፣ የምርመራውንና የመድኑን ወረቀት በየቀኑ እያስገባችሁ በሣጥን አኑሩ። ማኅደሩ ሊሞላ የማይችል ሆኖ ከታያችሁ፣ ማለት ሠሪው ዝርዝር መጻፍ እንቢ ካለ፣ ሻጩም ፎቶግራፍ ማንሣት ከከለከለ፣ ግዢውን ተዉት፤ የዕቁባችሁ ገንዘብ ለሌላ ቀን ይቈያችኋል። ማኅደሩ ከሞላ ግን መኪናዋን ስትሸጡ ከቁልፉ ጋራ ለገዢው አስረክቡት።